የ3 ዓመት ደመወዝና የ20 ዓመት ዕዳ

(ከዚህ በታች የቀረበው በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር ነው።)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ የቤት ዕዳን ከጊዜው አስቀድሞ ስለ መክፈል ነው። ርእሱን ስሰማ ለባንክ ቤት እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚስማማ ሆኖ አልታየኝም ነበር። ይሁን እንጂ ባልና ሚስትን የሚያጣላ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ለጸሎት ተንበርክከን ሳለን እንኳ ከሐሳባችን የማይወጣ ነገር ከሆነ በእግዚአብሔር ቤት ሊነገርበት ይገባል ብዬ ተቀበልሁ።

ከአንድ ጥያቄ ልነሣ። በምሠራበት ፕሮጀክት ውስጥ የእናቶች ራስ አገዝ ቡድኖች አሉ። ይህ አሠራር በአገራችን በ1994 ዓ.ም. ገደማ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንና በቲርፈንድ ትብብር በናዝሬት ከተማ በጥቂት ቡድኖች ተጀምሮ ወደ ብዙ ስፍራ የተስፋፋ ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ እናቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ አቅማቸው የፈቀደውን ጥቂት ብር ያስቀምጣሉ፤ ከተጠራቀመውም እርስ በርሳቸው ይበዳደራሉ። እኔም ስለ ገቢና ወጪ አጻጻፍ አስተምራቸዋለሁ። አንድ ቀን ትምህርቱን ጨርሼ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ደኅና አስተማርኸን። አንተስ በሳምንት ስንት ታስቀምጣለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኒያ እናት በሳምንት የሚያስቀምጡትን 10 ብር ከየት እንዳገኙት ያውቃሉ። እኔ ግን ደመወዜ ወሩ በገባ በ20 ቀን ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ፈገግ ብዬ ነገሩን አሳለፍሁት፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

በዚያ ጊዜ እኔና ባለቤቴ የባንክ ብድር ካለበት ቤት ከገባን አንድ ዓመት ሆኖናል። ቤቱ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት 20/80 የሚባለው ነው፤ ይኸውም 20 በመቶውን ገዢው ከቁጠባው ይከፍላል፣ 80 በመቶውን ባንክ ያበድራል። ዕጣ የወጣልን ቀን በእልልታ ዘመርን፣ የምስጋና ጸሎት አደረግን። የብድሩን ውል ግን አላነበብነውም፤ በየገጹ ፈረምንበት እንጂ።

ዕዳው ምን ያህል ቀነሰ?

በዚያው ምሽት ውሉንና የባንኩን የሒሳብ መግለጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ቁጥሩን እንድትከተሉኝ እለምናችኋለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና።

ብድራችን 300,000 ብር ነው፤ ወለዱ በዓመት 9.5 በመቶ፣ ጊዜው 20 ዓመት ነው። በዚህ መሠረት ወርሃዊ ክፍያው 2,796 ብር ይሆናል። አሁን በመጀመሪያው ወር ከዚህ ገንዘብ ወለዱ ስንቱን እንደሚወስድ ተመልከቱ። የ300,000 ብር የአንድ ወር ወለድ 2,375 ብር ነው። ስለዚህ ከከፈልነው 2,796 ብር ዋናውን ዕዳ የቀነሰው 421 ብር ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከ33,500 ብር በላይ ከፍለን ዋናው ዕዳ የቀነሰው በ5,280 ብር ገደማ ነው። በዚሁ መንገድ እስከ 20ኛው ዓመት ብንቀጥል ለተበደርነው 300,000 ብር የምንመልሰው በጠቅላላው 671,000 ብር ያህል ይሆናል።

ባለቤቴ መግለጫውን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ «እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የከፈልነው ኪራይ ነው» አለች። ባንኩ ያታለለን ነገር የለም። ሁሉም በውሉ ላይ ተጽፏል። እኛ ነን ሳናነብ የፈረምነው።

ነገር ግን ይኸው ስሌት ለተበዳሪውም ሊሠራለት ይችላል። ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዋና ዕዳ ላይ ስለሆነ፣ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ብር ለወለድ ሳይሆን በቀጥታ ለዋናው ዕዳ ይውላል፤ ከዚያ ቀን በኋላም ያ ብር ወለድ አይቈጠርበትም። በየወሩ 700 ብር ብንጨምር የቀረው የ19 ዓመት ዕዳ በ11 ዓመት ከ8 ወር ያልቃል። ለወለድ ይከፈል ከነበረውም 149,500 ብር ያህል በቤታችን ይቀራል። 700 ብር ትንሽ ገንዘብ ነው። ሳይቋረጥ ሲከፈል ግን ከዕዳው ላይ 7 ዓመት ከ4 ወር ያነሣል።

ስለ ምን እንቸኩላለን?

አንዳንዱ፣ «20 ዓመት ተፈቅዶልኛል፣ ምን አስቸኰለኝ?» ሊል ይችላል። ለእናንተ ለባልደረቦቼ የምመልሰው ይህን ነው። የአብዛኞቻችን የሥራ ውል የ3 ዓመት፣ ቢበዛ የ5 ዓመት ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ዕዳችን ግን የ20 ዓመት ነው።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ ኋላም ብዙዎቹን ፕሮግራሞች በሰረዘ ጊዜ የሆነውን አይታችኋል። በአገራችን በርዳታ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች ጥፋት ሳይገኝባቸው ከሥራ ወጡ። አብሮኝ የሠራ አንድ ወንድም የስንብት ደብዳቤ በተቀበለ በሳምንቱ የቤት ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ። ባንኩ የሚያውቀው የክፍያውን ቀን ነው፤ ፕሮጀክቱ መዘጋቱን አያውቅም። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት፣ በብድሩ ውል ይህ ሥልጣን የተሰጠው ባንክ፣ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ይህን የምናገረው ላስፈራራችሁ አይደለም። ደመወዝ በሚገባበት ጊዜ ደመወዝ ለሚቋረጥበት ጊዜ መዘጋጀት እንደሚገባ ለማሳሰብ ነው።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ወደ ኤልሳዕ እየጮኸች የመጣች አንዲት መበለት አለች። ባልዋ ከነቢያት ልጆች ወገን ነበረ፤ እግዚአብሔርንም ይፈራ ነበር። ሆኖም ሲሞት ዕዳ ትቶ ሞተ፤ አበዳሪውም ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ክፍል ስለ ዘይቱ ተአምር ተምሬዋለሁ። ዕዳውን ግን ልብ አላልሁትም ነበር። አገልጋይ መሆን፣ እግዚአብሔርንም መፍራት ያን ሰው ከዕዳ አላዳነውም፤ ዕዳውንም የወረሱት ልጆቹ ናቸው። ነቢዩ ለሴቲቱ ያቀረበላትን ጥያቄ ደግሞ አስተውሉ። በቤትዋ ያለውን ነገር እንድትነግረው ጠየቃት። ዘይቱ ከበዛ በኋላም አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈው እርስዋና ልጆችዋ እንዲኖሩ ነገራት።

700 ብሩ ከየት ተገኘ?

እኛም በቤታችን ያለውን ለማወቅ አንድ ደብተር ገዛን። አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳንለውጥ ያወጣነውን ሁሉ፣ የ5 ብሩን ማስቲካ እንኳ ሳይቀር፣ ጻፍን። ይህ ወር ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ነው፤ ሰው የሚያፍርበትን ነገር መጻፍ አይወድምና። እኔ በሳምንት ስንት ማኪያቶ እንደምጠጣ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ወር እንዲህ አደረግን። በሳምንት ሁለት ቀን ምሳ ከመግዛት ይልቅ ምሳ ዕቃ መያዝ ጀመርሁ፤ ከዚህ 350 ብር ተረፈ። ከሰዓት በኋላ የምጠጣውን ማኪያቶ ቀነስሁ፤ 100 ብር። የስልክ ካርድ በየቀኑ መሙላት ትተን የወር ጥቅል ገዛን፤ 100 ብር። ጤፉን በየጊዜው በኪሎ ከሱቅ ከመግዛት፣ ምርት ሲገባ በጥርና በየካቲት ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆነን በኩንታል ገዝተን ተካፈልን፤ በርበሬውንም እንዲሁ። ይህም በወር ሲታሰብ 150 ብር ያህል ሆነ። ድምሩ 700 ብር ነው።

ደመወዝ በገባበት ዕለት ባለቤቴ ገንዘቡን በፖስታዎች ትከፋፍለዋለች። በአንዱ ፖስታ ላይ «ለጌታ»፣ በሌላው «ለቤት ዕዳ»፣ በሌላው «ለአስቤዛ»፣ በሌላው «ለልጆች ትምህርት»፣ በሌላው «ለዕድር»፣ በሌላው «ለዘመድና ለእንግዳ» ተብሎ ተጽፏል። የአንዱ ፖስታ ገንዘብ ሲያልቅ ከሌላው አይወሰድም። ደብተሩን የምትይዘው እርስዋ ናት፤ እኔም በጥያቄ ነው የምወስደው። መጀመሪያ ላይ ይህ ለወንድነቴ ከብዶኝ ነበር። አሁን ግን በገንዘብ ምክንያት የምንነጋገረው በወር አንድ ቀን ስለሆነ ቤታችን ሰላም አግኝቷል።

የሠራሁት ጥፋት

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ንግግሬን ብጨርስ ጥሩ ምሳሌ ሆኜ እታያችሁ ነበር። እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም።

700 ብሩ ሲሳካ ቸኰልሁ። 1,000 ብር ብናደርሰው ዕዳው በ10 ዓመት ገደማ እንደሚያልቅ አሰላሁ። የቀረውን 300 ብር ከየት እንደማመጣው ስፈልግ «ለዘመድና ለእንግዳ» የሚለውን ፖስታ አየሁ። በወላይታ ለምትኖረው እናቴ በየወሩ 500 ብር እንልክላት ነበር። ደውዬ፣ የቤት ዕዳ እንዳለብን፣ ለጊዜው 200 ብር ብቻ እንደምንልክ ነገርኋት። «ግድ የለም ልጄ፣ ዕዳህን ክፈል» አለችኝ። እኔም በደብተሩ ላይ «የተቆጠበ፣ 300 ብር» ብዬ በእጄ ጻፍሁ።

ከስድስት ወር በኋላ ልጠይቃት ሄድሁ። ማታ ውኃ ፈልጌ መደርደሪያውን ስከፍት የደም ግፊት መድኃኒትዋን አገኘሁ። እንክብሎቹ በምላጭ ለሁለት ለሁለት ተከፍለዋል። ስጠይቃት መጀመሪያ መልስ አልሰጠችኝም። አጥብቄ ብጠይቃት ግን፣ «ሙሉውን ከዋጥሁት ወሩን አያደርሰኝም። ለአንተ እንዳልነግርህ ደግሞ ዕዳ አለብህ» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። «የተቆጠበ» ብዬ የጻፍሁት 300 ብር የእናቴ መድኃኒት ነበር። እኔ የቆጠብሁ መስሎኝ የእርስዋን ግማሽ እንክብል ለባንክ ስከፍል ኖሬአለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን፣ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ቁርባን ነው እያሉ የሚከለክሉትን ሲገሥጽ እናነባለን። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ለፈሪሳውያን የተነገረ አድርጌ ነበር የምሰብከው።

በማግሥቱ ለእናቴ መድኃኒት ገዛሁላት። ቤቴም ስመለስ ከባለቤቴ ጋር ተንበርክከን ንስሓ ገባን፤ 500 ብሩንም መለስን፤ ቆይተንም ጨመርንበት። ተጨማሪው ክፍያ ከ1,000 ወደ 700 ብር ወረደ። በዚህ ምክንያት ዕዳችን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ዘግይቶ ያልቃል። ይዘግይ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ቁጠባ ከራስ ገበታ ላይ የሚነሣ ነው። ከሌላው ገበታ የተነሣው ቁጠባ አይባልም። ከእናት፣ ከቤት ሠራተኛችን ደመወዝ፣ ከድኻው፣ ከዐሥራቱ ቀንሰን ዕዳችንን ብናፋጥን፣ ዕዳውን ከባንክ ወደ እነርሱ አዛወርነው እንጂ አልከፈልነውም። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ ከእያንዳንዱ የተቆጠበ ብር ጎን ማን እንደ ተወው ጻፉ። የእናንተ ስም ካልሆነ ደግማችሁ አስቡበት።

ልታደርጉት የሚገባ

አሁን በሥራ ላይ የሚውል ምክር በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ተጨማሪ ክፍያ ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ የ3 ወር የቤት ወጪ በቁጠባ ሒሳብ አስቀምጡ። ለባንክ የተከፈለ ብር በችግር ቀን ተመልሶ አይመጣም። በተለይ የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን አትዝለሉ።

ሁለተኛ፣ የሱቅ ዱቤ ወይም በከባድ ወለድ የተወሰደ ሌላ ብድር ካለባችሁ አስቀድማችሁ እርሱን ክፈሉ። ከሁሉ በላይ የሚበላው እርሱ ነውና።

ሦስተኛ፣ የብድር ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ከጊዜው በፊት መክፈል ቅጣት እንዳለው፣ ባንኩ ወለዱን ሊለውጥ ይችል እንደሆነ ተመልከቱ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ ተጨማሪ ስትከፍሉ ገንዘቡ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ አመልክቱ። እንዲህ ካልሆነ ለሚመጣው ወር እንደ ቅድሚያ ክፍያ ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የታሰበው ጥቅም አይገኝም። ደረሰኙን አስቀምጡ፤ በዓመት አንድ ጊዜም የሒሳብ መግለጫ ጠይቃችሁ ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ።

አምስተኛ፣ ዕቁብ ሲደርሳችሁ ወይም የዓመት ጉርሻ ስታገኙ፣ ለዕቃ ከመዋሉ በፊት ከፊሉን ለዋናው ዕዳ አድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈል ተጨማሪ ብር በመጨረሻዎቹ ከሚከፈለው ይልቅ እጅግ ብዙ ወለድ ያስቀራል።

አንድ የሒሳብ ትምህርት ያለው ወንድም እንዲህ ሲል ሞገተኝ። «በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብር ዋጋው ሲወርድ በ9.5 በመቶ የተበደረ ሰው መቸኰሉ ጥቅሙ ምንድን ነው? በዚያ ብር ዕቃ ቢገዛበት አይሻልም?» ጥያቄው ከባድ ነው፤ በከፊልም እውነት አለው። በዚያ 700 ብር በርግጥ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ወይም በግ ለማድለብ የሚያውለው ቢሆን፣ እንዲያ ቢያደርግ አልቃወመውም። በእኛ ቤት ግን ያ 700 ብር ለስፌት መኪና አልዋለም ነበር፤ ምሳና የስልክ ካርድ ሆኖ ነበር ያለቀው። ደግሞም ብር ዋጋው ቢወርድ ደመወዝ የሌለው ሰው 2,796 ብሩን ከየት ያመጣዋል? በሚያስፈልግበት ቀን ቤቱ ከዕዳ ነጻ ሆኖ ማግኘት ለእኛ ለውለኞች ሠራተኞች ከትርፉ ስሌት ይበልጣል።

የራሳችሁ ቤት የሌላችሁ፣ በኪራይ የምትኖሩም ብዙዎች ናችሁ። ደብተሩና ፖስታው ለእናንተም ያገለግላሉ። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ከመደናገጥ፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለይቶ ማስቀመጥ ከአከራይ ፊት ቀና ብሎ ለመቆም ይረዳል።

የእኛ ዕዳ ገና አላለቀም፤ ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ነገር ግን ሲያልቅ ባንኩ ከዕዳ ነጻ መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፍልናል፤ በቤቱ ካርታ ላይ ያለውም እግድ ይነሣል። በዚያን ቀን ደግመን የምስጋና ጸሎት እናደርጋለን፤ እናንተንም እንጠራለን። በየወሩ ለባንክ ይሄድ የነበረውን 3,496 ብር ከዚያ በኋላ ምን እናድርገው ብለን ከአሁኑ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈናል። ከእርሱ አንዱ እጅ ለልጆቻችን ትምህርት ነው፤ አንዱ እጅ ለሽማግሌዎች መድኃኒት ነው፤ አንዱ እጅ ለራስ አገዝ ቡድኖቹ ሥራ ነው።

እኒያን እንጀራ የሚጋግሩ እናት በሚቀጥለው ስብሰባ አግኝቼ፣ «እማማ፣ በወር 700 ብር ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም፣ «ታዲያ በሳምንት ስንት መሆኑ ነው?» ብለው በጣታቸው ቈጠሩና፣ «ደኅና ነው፤ እንዳታቋርጥ» አሉኝ። እኔም ዛሬ ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ማታ ደብተር ግዙ፣ ውላችሁን አንብቡ፣ የምትችሉትን ጥቂት ጀምሩ፤ እንዳታቋርጡ።

የመበለቲቱን ማሰሮ የሞላ አምላክ በየቤታችን ያለውን ጥቂት ይባርክ። እጃችንንም ከዕዳ ፈትቶ ለሌላው የሚዘረጋ ያድርገው። አሜን።